የባሕር ዳሯ ቆብ
(በምሩቃን መገናኛ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ “ስለ ሥራሽ ሃያ ደቂቃ አውሪልን” ነበር ያሉኝ። እኔም እንደ ደንቡ ስላይድ ላዘጋጅ ኮምፒዩተር ከፈትኩ። ሁለት ምሽት ተቀምጬ አርዕስት ብቻ ጻፍኩ። በሦስተኛው ምሽት ኮምፒዩተሩን ዘጋሁና ቁም ሳጥን ላይ ያለችውን ካርቶን አወረድኩ። ስለዚህ ዛሬ ስላይድ የለኝም፤ ያለችኝ ይህች ቆብ ናት። ከኋላ ያላችሁ እንድታዩዋት ከፍ ላድርጋት።

አዎ፣ ድሪቶ ናት። ቀይ አለባት፣ ቢጫ አለባት፣ የተማሪ ሰማያዊ ካኪ አለባት፣ ይቺ ጥቁሯ ደግሞ የአባቴ ኮት ክንድ ናት። ዙሪያዋን ዘርፍ አላት። የእኛ ባች ልጆች ታስታውሷት ይሆናል፤ በ2000 ዓ.ም. ልንመረቅ ስንል አድርጌያት ግቢውን ዞሬያለሁ። አንዳንዶቻችሁ ፎቶ ተነሥታችሁባታል። ስለዚች ቆብ ያኔ ለሁላችሁም አንድ ውሸት ነግሬያችኋለሁ። ዛሬ የመጣሁት እሱን ላርም ነው፤ ሌላው ወሬ በዚያው ይመጣል።

የተወለድኩት ጥርባ ነው፤ አዊ፣ እንጅባራ አካባቢ። ላልሄዳችሁበት፦ ደጋ ነው፣ ዝናብ አይለየውም፣ ቀርከሃው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ገብስና ድንች ይበዛበታል። በቤታችን አውኚ ነው የሚነገረው፤ አማርኛን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ አሁንም ስናደድ የሚቀድመኝ አውኚው ነው። አፈሩ ቀይ ነው። ክረምት ላይ እግር ላይ የተለጠፈው ጭቃ ከደረቀ በውኃ ብቻ እንቢ ይላል፣ መፋቅ አለበት። ዘንገና ሐይቅን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ያ ክብ ሐይቅ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። የአገራችን ቀይ አፈርም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ ነው። ይህን አፈር ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እናቴ ገበያ አትሄድም ነበር። ሰርግም፣ ማህበርም እምብዛም አትታይም። ቤት ተቀምጣ ትሰፋለች። ገበያ በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና የሚሰፉት ሰዎች ማታ ማታ ጠርገው የሚጥሉትን እራፊ አባቴ በከረጢት ይዞላት ይመጣል። እሷ ጭኗ ላይ ትዘረግፈውና በቀለም ትለየዋለች፤ ቀዩን ለብቻ፣ ደማቁን ለብቻ፣ “ይሄ ይለቃል” የምትለውን ለብቻ። ከዚያ በመርፌ ትገጣጥመዋለች። መኪና ነክታ አታውቅም። ብርድ ልብስ ትሰፋለች፣ የትራስ ልብስ ትሰፋለች። ሰዎች የሚያመጡላት ዋናው ሥራ ግን የፈረስ ግላስ ነበር።

የፈረስን ነገር ለአዊ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለሌሎቻችሁ ግን አንድ ሁለት ቃል ልበል። የአገው ፈረሰኞች ማህበር በ1932 ዓ.ም. ነው የተመሠረተው። ፈረስ በአድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የዋለውን ውለታ ለማሰብ ነው የሚሉት አባቶቻችን። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሰባት ቤት አገው ፈረሱን ሸልሞ ይወጣል። ሜዳው ላይ ያለው ቀለም ለዓይን ያታክታል። እንግዲህ ከገና ጀምሮ ቤታችን ልብስ ሰፊ ቤት ነው የሚመስለው። እናቴ ሦስት ማዕዘን እየቆረጠች ቀዩን ከቢጫው ታጋጥማለች፣ ጫፉን ትዘመዝማለች፣ ዘርፍ ታንጠለጥላለች። ጥር 23 ሲደርስ ሁላችንም ወደ ሜዳ እንሄዳለን። እሷ አትሄድም። የሰፋችውን ግላስ ለብሶ የሚጋልብ ፈረስ በሕይወቷ አይታ አታውቅም ነበር። በራችን ላይ ሲያልፍ ካልሆነ።

እኔ ልጅ ሆኜ መስፋት ስለምትወድ ነበር የሚመስለኝ።

አሁን ወደ ጎንደር ልምጣ። ኮሌጃችን በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጀምሮ ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ገጠር መላክ ባህሉ ነው። ቲቲፒ የወጣችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ... ይኸው፣ ግማሹ አዳራሽ። እኛም ወጥተናል። ቤት ለቤት እየዞርን “እግራችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ጫማ አድርጉ” እያልን አስተምረናል። እኔ በተለይ ጎበዝ አስተማሪ ነበርኩ፤ ውጤቴም ጥሩ ነበር።

ልንመረቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረን የሳቅ ቀን አደረግን። ያው ታውቁታላችሁ፣ ስንት ዓመት ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አንድ ቀን እንደ እብድ ይለብሳል። አንዱ የእህቱን ቀሚስ፣ አንዱ ሱሪውን ገልብጦ፣ አንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ። የእኛ ቡድን በቆብ ተስማማ፤ እያንዳንዱ የሚያስቅ ቆብ ይዞ ይምጣ ተባለ። ገንዘብ የለኝም። ወደ አገር ቤት አባቴ የሚያውቀው ሱቅ ደወልኩና “ለእማዬ ንገራት፣ የሚያስቅ ቆብ ትስፋልኝ” አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ የአገሬ ልጅ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዞልኝ መጣ። እናቴ የፈረስ ግላስ እንጂ የሰው ቆብ ሰፍታ አታውቅም። እና የሰፋችልኝ ያንኑ የፈረስ ግላስ ነው፣ በእኔ ጭንቅላት ልክ አድርጋ።

በጣም ተወደደች። እየተቀባበሉ አደረጓት። አንዲት ጓደኛዬ፣ ዛሬም እዚህ ተቀምጣለች፣ ገልብጣ ውስጧን አየችና “ይሄ የእጅ ስፌት ነው እኮ! ማን ሰፋልሽ?” አለችኝ።

“ባሕር ዳር ገዛሁት” አልኳት።

“ስንት?”

“ሠላሳ አምስት ብር።”

ዋጋ ሳይቀር አወጣሁላት። ለምን እንደዋሸሁ ለመንገር እናቴ ለምን ተቀምጣ እንደምትሰፋ መንገር አለብኝ። እዚህ ላይ ሐኪሞቹ ታገሡኝ፣ የምታውቁትን ነው የምደግመው።

እናቴ የእግር እብጠት አለባት። በአገራችን ዝሆኔ የሚሉት አሉ፣ እርግማን የሚሉት አሉ፣ ዘር ነው ብለው ጋብቻ የሚከለክሉ አሉ። የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። በትንኝ የሚተላለፈው ዝሆኔ ሌላ ነው፤ ይሄኛው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ትል የለውም፣ ጀርም የለውም። በባዶ እግር ለዓመታት ቀይ አፈር ሲረገጥ ደቃቁ ማዕድን በቆዳ ውስጥ ያልፍና የእግርን የሊምፍ ቧንቧ ያቆጣዋል፣ ይዘጋዋል። ይህን ጉዳይ ከአፈር ጋር አያይዘው በስፋት ያጠኑትና ስሙን ያወጡለት ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ናቸው፤ ሥራቸውን የሠሩት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ያን አፈር የረገጠ ሁሉ አይታመምም፤ የተፈጥሮ ተጋላጭነት ያስፈልጋል፤ ይህንንም በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን በዘረመል ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ “ዘር ነው” የሚለው ሐሜት ውስጥ ትንሽ እውነት አለ። ግን ዘሩ ያለበትም ሰው ጫማ ካደረገ አይታመምም። ይህቺን ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ነው ሐሜተኛው የማያውቃት።

እናቴ ጫማ ያገኘችው እግሯ ጫማ የማይገባለት ከሆነ በኋላ ነው።

እና ይህን በሽታ የተማርንበትን ቀን አስታውሰዋለሁ። መምህራችን በጥሩ ሁኔታ ነው ያስተማሩን፣ በአክብሮት። መጨረሻ ላይ “ይህን በአካባቢው ያየ አለ?” ብለው ጠየቁ። ሁለት ልጆች እጃቸውን አወጡ። እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ እጽፋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠዋት ማታ ያየሁት እግር ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ እኔ ስሙን ፊደል በፊደል እገለብጣለሁ። ቆቧን “ማን ሰፋልሽ?” ስባል “እናቴ” ብል ኖሮ ቀጣዩ ጥያቄ “ለምረቃ ትመጣለች አይደል?” ነበር የሚሆነው።

አልመጣችም። ስልኩ ላይ ያለችኝ ይህን ነው፦ “ምን ተጫምቼ ልምጣ ልጄ? በባዶ እግሬ ሰው መሃል ገብቼ ላሳፍርሽ? አባትሽ ይምጣ። እኔ ጠላዬን ጠምቄ እጠብቅሻለሁ።” እኔም “አይሆንም እማዬ፣ ያላንቺ አልመረቅም” ማለት ነበረብኝ። “እሺ” አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስልኩን ስዘጋ ቅልል ነው ያለኝ። የምረቃ ፎቶዬ ላይ አባቴና አጎቴ አሉ። ቆቧም በሻንጣ ውስጥ ነበረች።

ከዚያ የሆነውን በፍጥነት ልለፈው። ሥራ ተመደብኩ፣ አገባሁ፣ የሕፃናት ሕክምና ስፔሻላይዝ አደረግሁ፣ ወለድኩ። ለእናቴ ገንዘብ እልካለሁ፣ ሳሙናና ቅባት እልካለሁ፣ በስልክ “እጠቢው፣ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው” እላታለሁ። አገር ቤት ስሄድ እግሯን ቀሚሷ ስር ትሰበስባለች፣ እኔም እንዳላየ እሆናለሁ። በዚህ ተግባብተን ስንት ዓመት ኖርን።

አሁን ዋርዱ ጋ ደርሻለሁ። የምሠራበት ሆስፒታል ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት ይታከማሉ። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ከገጠር መጣች፤ የደም ካንሰር። ሐኪም ላልሆናችሁ፣ የዚህ ዓይነቱ የልጆች ሉኪሚያ ሕክምና ከ2 ዓመት በላይ የሚወስድ ነው። መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚራቡ ሴሎችን ስለሚመታ የፀጉርንም ሥር ይመታል፤ ከተጀመረ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ፀጉር መርገፍ ይጀምራል። ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። ሕክምናው ከተቋረጠ ግን በሽታው ይመለሳል። በሀብታም አገር ከ10 ልጆች 8 እና ከዚያ በላይ ይድናሉ፤ በእኛ ዓይነት አገር ከ10 ሦስትም አይሞሉም ነው የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕክምና ማቋረጥ ነው። ለማቋረጥ ደግሞ ገንዘብ አለ፣ መንገድ አለ፣ በቤት የቀሩ ልጆች አሉ፤ አንዳንዴ ግን የመጨረሻዋ ገፊ ምክንያት እፍረት ናት። ይሄ በመጽሐፋችን ላይ አልነበረም።

የልጅቷ ፀጉር በአንድ ሳምንት አለቀ። እናቷ በነጠላ ጥቅልል አደረገቻት። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ምግብ ተወች፣ መጫወቻ ክፍል አልሄድም አለች፣ መርፌ ሲመጣ ብርድ ልብስ ውስጥ ትገባለች። አንድ ጠዋት እናቷ ኮሪደር ላይ ያዘችኝና “ዶክተር፣ ይዣት ልሂድ። እዚህ መላጣ ሆና ሰው ሲያያት ከምትሞት ቤቷ ብትሆን ይሻላል” አለችኝ። ገብቼ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ጎተተችና “ሰው እንዳያየኝ” አለችኝ።

ያን ቃል አውቀዋለሁ። እናቴ እግሯን ስትሰበስብ የምትለው ቃል ነው፣ በአውኚ ይሁን እንጂ።

ለእናትየው የሚባለውን ሁሉ አልኳት፤ ይበቅላል፣ ጊዜያዊ ነው፣ ሕክምናው እንዳይቋረጥ። “እሺ” አለችኝ፤ እኔ ለእናቴ እንዳልኩት ዓይነት እሺ። ማታ ቤቴ ገብቼ ካርቶኗን አወረድኩ።

ቆብ ስሰፋ የመጀመሪያዬ ነው። የሰው ቆዳ ስሰፋ ኖሬያለሁ፣ ጨርቅ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ሙከራዬን ለማንም አላሳየሁም። ልጅቷን ስለካት ዙሪያዋ 52 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ እኔ 52ን ለ6 ከፍዬ፣ በትክክል ቆርጬ፣ ሰፋሁት። ስጨርስ ለአሻንጉሊት ይሆናል። ስፌቱ የሚበላውን ጨርቅ ረስቼዋለሁ! ሁለተኛው በልክ ወጣ፤ ግን በራሴ ጭንቅላት ላይ ገልብጬ ስሞክረው ውስጡ ያለው የስፌት ጠርዝ ይከረክራል። ፀጉር ላለው ሰው ምንም አይደል፤ በመድኃኒት የሳሳ ባዶ ቆዳ ላይ ግን ቁስል ነው የሚያመጣው፤ የመከላከል አቅሙ ለወረደ ልጅ ደግሞ ቁስል ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰዓቱ ከምሽቱ አራት ሆኗል። ወደ ጥርባ ደወልኩ። በዚያን ጊዜ እንኳ ሞባይል ገብቶላት ነበር።

“እማዬ፣ ያቺን ቆብ ስትሰፊልኝ የስፌቱን ጠርዝ ወዴት ነው ያደረግሽው?”

“የቷን ቆብ?”

“የምረቃዬን ጊዜ።”

ዝም አለች። ከዚያ “ገበር አለው እኮ። ጠርዙ በላይና በገበሩ መሃል ነው የሚቀረው። ፈረስም እኮ ጀርባው ይቆስላል” አለችኝ።

ሁሉንም በዚያ ምሽት በስልክ ነገረችኝ። እኔም ለእናንተ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። እራፊው ሁሉ ሳይቆረጥ በፊት በሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ የሚለቅ ቀለም ይልቀቅ፣ የሚሸበሸብ ጨርቅ ይሸብሸብ። ጥጥ ብቻ። ናይለን ያልባል፣ ያሳክካል። በ52 ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ምቾት ትጨምራላችሁ፣ 54 ይሆናል። ለ6 ሲካፈል 9። በግራና በቀኝ ለስፌት 1፣ 1 ስትጨምሩ እያንዳንዷ ቁራጭ ከታች 11 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኖራታል። ቁመቷ 18 ይበቃል፣ ወደ ላይ እየጠበበች እንደ ጦር ጫፍ ትሾላለች። ጎኗ ግን ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ እንደ ቅጠል ትንሽ ጎበጥ ይላል፤ ቀጥ ካለ የስኳር ጥቅል ነው የሚሆነው። ሦስት ሦስቱን ትሰፉና ሁለቱን ግማሾች ታጋጥማላችሁ፤ ስድስቱም ጫፎች አናት ላይ እንዲገናኙ። አልገናኝ ካሉ አትበሳጩ፣ ዘርፉ የተሠራው ያንን ለመሸፈን ነው። ይህ የእናቴ ሙያዊ ምሥጢር ነው። ገበሩን በዚያው ቅድ ከነጭ አቡጀዲ ትሰፋላችሁ፣ ጀርባና ጀርባ አድርጋችሁ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ከታች ዙሪያውን ትዘመዝማላችሁ። ላስቲክ የለም። ከኋላ ሁለት ማሰሪያ። ራስ ሲያብጥም ሲከሳም ይስተካከላል።

የልጄን የጠበበ ሸሚዝ፣ የባለቤቴን ፒጃማና ያረጀ ነጭ ጋውኔን ቆራረጥኩ። ባለቤቴ እስካሁን የፒጃማውን ነገር ያነሣብኛል። ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ግን አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ።

“እማዬ፣ ያን ጊዜ ቆቧን ማን ሰፋት ሲሉኝ... ባሕር ዳር ገዛሁት ነው ያልኳቸው።”

ረጅም ጊዜ ምንም አልሰማሁም። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ።

“በስንት ገዛሁት አልሽ?”

“በሠላሳ አምስት ብር።”

“ውይ፣ አርክሰሽዋል” አለችኝ።

ቆቡን በሦስተኛው ቀን ወሰድኩላት። በሙቅ ውኃ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በንጹሕ ፌስታል። አላሰርኩላትም፣ አልጋዋ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ከሰዓት ስመለስ አድርጋዋለች፤ ነጠላው ወድቋል። የጎን አልጋው ልጅ “እኔስ?” አለኝ። በዚያ ዓመት አሥራ አንድ ቆብ ሰፋሁ። ቆየት ብዬ በፊታቸው ላይ ስማቸውን በክር መጥለፍ ጀመርኩ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሲድኒ የሚኖሩ ሮብ ሃኬት የሚባሉ የአንስቴዥያ ሐኪም በ2017 እ.ኤ.አ. ስማቸውንና ሙያቸውን ቀዶ ሕክምና ቆባቸው ላይ መጻፍ ጀምረው ብዙ አገር ተዛምቷል፤ በጭምብል መሃል ማን ማን እንደሆነ ይታወቅ ብለው ነው። እኛ ዋርድ ግን ስሙ ሊታወቅ የሚገባው ሐኪሙ ብቻ አልነበረም። “ስድስት ቁጥር አልጋ” እያልን የምንጠራው ልጅ ስሙ ግንባሩ ላይ ከተጻፈ ቁጥሩን መጥራት ያሳፍራል።

ቆብ ካንሰር ያድናል ብዬ አልቆምኩም። ልጅቷ ሕክምናዋን ጨርሳለች፣ ፀጉሯም ተመልሷል፣ ትምህርት ቤት ገብታለች። ያዳናት መድኃኒቱና የእናቷ ትዕግሥት ነው። መድኃኒት ያጣ ዋርድ ውስጥ ቆብ ማደል ፌዝ ይሆናል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ኃላፊዎችም ከዚህ ንግግር ቆቡን ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ከአሥራ አንዱ ልጆች ሁሉም አልዳኑም። አንድ አባት ልጁን ከቀበረ ከወር በኋላ ከሩቅ መጥቶ ቆቡን አጥቦ፣ አጣጥፎ መለሰልኝ። “የመንግሥት መስሎኝ” አለኝ። እጄ ላይ አስቀምጦት ሲሄድ ምን እንደምለው አላወቅሁም። አሁንም አላውቅም። ያን ቆብ ለሌላ ልጅ አልሰጠሁትም፣ ስሙ አለበት።

ያን ዓመት ለጥምቀት እረፍት ወስጄ ጥርባ ሄድኩ። ማታ ውኃ አሞቅሁ፣ ገበቴውን እናቴ ፊት አስቀመጥኩ። እግሯን ሰበሰበች። “እማዬ፣ ስጪኝ” አልኳት። “ኧረ ይሸትሻል” አለች። “ሐኪም ነኝ እኮ” አልኳት። “ለእኔ ግን ልጄ ነሽ” አለችኝ። ስንጨቃጨቅ ውኃው ሊቀዘቅዝ ሆነ፤ አባቴ ከጥግ “ሴትዮ፣ ስጫት!” ብሎ ገላገለን።

በሳሙና ጣት በጣቱ መሃል አጠብኩ፤ ጠብታ በረኪና በጨመርኩበት ንጹሕ ውኃ ነከርኩ፤ አደረቅሁ፤ ቫዝሊን ቀባሁ፤ ትራስ ላይ ሰቀልኩ። በቃ፣ ሕክምናው ይሄ ነው። ቀላል መሆኑ ነው የሚያናድደው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህን እንክብካቤ የተማሩት ሰዎች እግራቸው እየተቆጣ በትኩሳት የሚጥላቸው ጊዜ ቀንሷል፤ ካልተማሩት በአንድ ሰው በዓመት 23.9 ጊዜ የነበረው 19.4 ሆኗል። ቁጥሩን ስታነቡት ትንሽ ይመስላል። ልብ በሉ ግን፣ ያልታከመው ሰው በዓመት ሃያ አራት ጊዜ ገደማ አልጋ ላይ ይውላል ማለት ነው። እናቴ በልጅነቴ “ብርድ ነው” እያለች የምትተኛባቸውን ቀኖች ቆጥሬያቸው አላውቅም ነበር። ጽሑፉን ሳነብ ነው ወደ ኋላ የቆጠርኳቸው።

በየቀኑ ማጠቡን ታናሽ ወንድሜ ያዘው። ዓመት ሲሞላ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ አይጠፋምም፤ ግን ቀነሰ። በልኳ ሰፊ የቆዳ ጫማ አሠራንላት። የመጀመሪያ ጫማዋ ነው፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ። የዚያን ጥር 23 እንጅባራ ሜዳ ወጣች። ፈረሶቹን ሳይሆን ግላሶቹን ነው ስታይ የዋለችው። “ይሄ የእኔ ነው፣ ይሄ የእኔ አይደለም፣ ይሄን የሰፋችው ሴት ሰነፍ ናት።”

ስለዚህ የ2000 ዓ.ም. ምሩቃን፣ ይህች ቆብ ባሕር ዳር አልተገዛችም። የሰፋቻት እናቴ ናት፣ እሷም ይኸው ከኋላ በር አጠገብ፣ ነጭ ነጠላ ያጣፋችው ናት። እማዬ፣ እጅሽን አውጪላቸው... አታወጣም፣ ተዋት።

የመጨረሻው ነገር። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ከረጢት አለ። የታጠበና የተቆረጠ ጨርቅ ነው፤ ስድስት ስድስት ቁራጭ፣ ገበሩ፣ ማሰሪያው፣ ክርና መርፌው አብሮ ታስሯል። ልኩ 52 የሆነው በቀይ ክር፣ 50 የሆነው በነጭ ክር ነው የታሰረው። እስከ ነገ ማታ እዚሁ ነን፤ የምትችሉ አንድ አንድ ውሰዱና ሻይ ስትጠጡ፣ ስታወሩ ስፉት። ቀዶ ሐኪሞች በተለይ እንዳታመልጡ፣ ስፌታችሁን ልናየው ነው። ሲያልቅ ለእኔ አትስጡኝ፣ ለእናቴ ስጧት። ጠርዙን ገልብጣ ታያለች። ካልወደደችው ታስፈታችኋለች፣ ማዕረግ አትጠይቅም።